ምድጃ ዳር የሚደረግ ውድድር

ዛሬ ላወጋችሁ የተነሣሁት አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁት ስለማታውቁት ስለ አሜሪካኖች የቤዝቦል ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታውን ሕግ ከሀ እስከ ፐ ላስተምራችሁ አስቤ አይደለም፤ ማስተማሩን በሥራ ቀን እጠግበዋለሁ። የማወጋችሁ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስለሚጀመረው ሌላ ጨዋታ ነው። ይኸውም ቡድናቸው አሳፍሯቸው የገባ ደጋፊዎች፣ ሜዳው በረዶ ለብሶ ተጫዋቾቹም ወደየቤታቸው ተበትነው ሳሉ፣ «ማን ይሰናበት? ማን ይቆይ? ማን ይምጣ?» እያሉ ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሚያካሂዱት ክርክር ነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ክርክር ስም አውጥተውለት «የጋለ ምድጃ ሊግ» ይሉታል። በድሮው ዘመን የትንንሽ ከተማ ሰዎች በብርዱ ወራት ከሱቅ ገብተው ምድጃ ከበው እየሞቁ ስለ ቤዝቦል ይሟገቱ ስለ ነበር ስሙ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ ምድጃውን የሚከብ የለም፤ ሙግቱ ግን በራዲዮ፣ በቡና ቤት፣ በባቡርና በታክሲ ውስጥ እንደ ነደደ ነው። በዚህ ሊግ ተጫዋች የለም፤ ዳኛ የለም፤ ዋንጫም የለም። ከደጋፊዎቹ አንዱም እንኳ ተጫዋች የመቅጠርም ሆነ የማሰናበት ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ የቡድኑ ባለቤትና የሥራ አስኪያጁ ነው። ደጋፊው ግን ሥልጣን እንዳለው ሰው እንቅልፍ አጥቶ ያስባል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ ስለ ጨዋታው ሁለት ቃል ልበል። በሁለት ወገን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ይሰለፋሉ። ካንደኛው ወገን አንድ ወርዋሪ ኳሱን በኃይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን አንድ መቺ ዱላ ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ዱላና ኳስ ስላለበት ከገና ጨዋታችን ጋር የሥጋ ዘመድ ይመስላል፤ ነገር ግን በገና ጊዜ ሁሉም ተደባልቆ ስለሚሯሯጥ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አይለይም። በቤዝቦል መቺው ብቻውን ነው፤ ቢመታም ቢስትም በስሙ ይጻፍበታል። ከ10 ጊዜ 3ቱን በደህና የመታ እንደ ሆነ ታላቅ ሰው ይባላል። (እኔ ከማርመው ፈተና ከ10 ሦስት ያመጣ ተማሪ ወላጁን ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል።) በትልቁ ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱም በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጊዜ ይጫወታል። ስለዚህ ጥቅምት ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው ያደረገው ሁሉ በቁጥር ተዘርዝሮ እንደ ተማሪ ካርድ ከደጋፊው እጅ ይገባል። ክርክሩ የሚጣፍጠውም የሚመርረውም ለዚህ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ተከራካሪ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከታላቅ ወንድሜ ነው። በአሜሪካን አገር የኢትዮጵያ ተወላጅ እጅግ በብዛት የሚገኘው በዋሺንግቶን ከተማ አካባቢ ነው፤ ጋሼም ከነዚያ አንዱ ሆኖ ከወንዙ ማዶ በአሌክሳንድሪያ እየኖረ ታክሲ ይነዳል። ቤዝቦልን የለመደው ፈልጎት አልነበረም፤ ከስታዲዮም የሚወጡ ደንበኞች መኪናው ውስጥ ገብተው ሲጨቃጨቁ ምንም ሳይገባው መስማት ሰልችቶት ነው። መጀመሪያ ራዲዮ ከፈተ፤ ቀጥሎ ስም ለየ፤ ኋላም ራሱ ተከራካሪ ሆነ። ዓርብ ሌሊት ሥራ ሲጨርስ ይደውልልኛል። በብርዱ ወራት በኛና በነሱ መካከል የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እኔ የተማሪዎቼን ደብተር ከምሬ ሻይ እየጠጣሁ፣ እሱ የደከመ እግሩን ዘርግቶ፣ ስለማናውቃቸው ሰዎች ደመወዝ እንሟገታለን። ደመወዛቸው ደግሞ የኛን ሙግት የሚፈልግ አይደለም።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ዋሺንግቶን ቤዝቦል ወዳድ ከተማ ናት፤ ዕድል ግን አልነበራትም። የድሮ ቡድኗ ከ1971 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደባት። 33 ዓመት ያለ ቡድን ከቆየች በኋላ በ2005 ከካናዳ ከሞንትሪያል ከተማ የተነሣ ቡድን «ናሽናልስ» ተብሎ ተሰጣት። አዲሱ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደካማ ነበር። እዚያ አገር ደካማ ቡድን አንድ መጽናኛ አለው፤ ከታዳጊ ወጣቶች መካከል ቀድሞ የመምረጥ ተራ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ በ2010 ብራይስ ሃርፐር የተባለውን ልጅ አንደኛ አድርገው መረጡ። ልጁ በ2012 ገና በ19 ዓመቱ ወደ ትልቁ ሊግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለአዲስ ተጫዋቾች የሚሰጠውን ሽልማት፣ በ2015 ደግሞ የሊጉን ታላቅ ተጫዋች ሽልማት ተቀበለ። ቡድኑም በ2012፣ በ2014፣ በ2016ና በ2017 ከምድቡ አንደኛ ወጣ። ሆኖም አራቱንም ጊዜ የዋንጫው ግጥሚያ ሲጀመር ከመጀመሪያው ተጋጣሚው አላለፈም።

በ2017 መጨረሻ ባለቤቶቹ በዚያ ዓመት 97 ጨዋታ ያሸነፈውን አሠልጣኝ ደስቲ ቤከርን ውሉን ሳያድሱለት አሰናበቱትና በቦታው ዴቭ ማርቲኔዝን ሾሙ። በተከታዩ ዓመት በ2018 ቡድኑ 82 አሸንፎ 80 ተሸነፈ። ይህ በራሱ ውርደት አይደለም። ነገር ግን ዋንጫ ይጠብቅ ለነበረ ሰው መካከል ላይ መቅረት ጭራ ከመሆን ይብሳል፤ ጭራ የሆነ ቡድን ከሥሩ ነቅለህ እንደገና ትተክለዋለህ፤ መካከል የቀረውን ግን ትጠግነዋለህ ወይስ ታፈርሰዋለህ? በዚያው ጥቅምት የሃርፐር ውል አለቀ። ልጁ 26 ዓመቱ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበርሁ። ጋሼ ግን ያን ክረምት (የነሱን ክረምት ማለቴ ነው፤ የኛን በጋ) ከመሪው ላይ ሆኖ ሲሰማ የከረመውን ነገር ዛሬም ድረስ እንደ ተረት ይነግረኛል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ሰዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ነበሩ። አንደኛው ወገን «ይህ ልጅ ከኛ ጋር አድጓል፤ ልጆቻችን የሱን 34 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፤ የሚጠይቀውን ከፍላችሁ አስቀሩት» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ለአንድ ሰው የምትከፍሉት ገንዘብ ሁለት ወርዋሪ ይገዛል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር ምን ዋንጫ አየን?» ይላል። የሚያስቀው ሁለቱም የሚያነብቡት ከአንድ ካርድ ላይ መሆኑ ነው። በ2018 ሃርፐር ኳሱን በደህና የመታው ከ1000 በ249 መጠን ብቻ ነበር፤ «ይሂድ» ባዩ ይህን ይጠቅሳል። በዚያው ዓመት 34 ሆም ረን መታ፣ 100 ነጥብም አስገባ፤ «ይቆይ» ባዩ ደግሞ ይህን ይጠቅሳል። ቁጥሩ አይዋሽም ይባላል፤ ግን የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ጋዜጦች እንደ ጻፉት ቡድኑ ለ10 ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ ከገንዘቡ ከፊሉ ግን ቆይቶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ የሚከፈል ነበር። ልጁ አልተቀበለም። ሥራ አስኪያጁም አልጠበቀም፤ በታኅሣሥ ወር ፓትሪክ ኮርቢን የተባለ ወርዋሪ ለ6 ዓመት በ140 ሚሊዮን ዶላር ቀጠረ። በየካቲት መጨረሻ ሃርፐር ከፊላዴልፊያ ጋር ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ተስማማ። ፊላዴልፊያ ማለት ከዋሺንግቶን በመኪና ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ በዚያው ምድብ ያለ ተቀናቃኝ ነው። አዲሱን ማሊያ ለብሶ ከጋዜጠኞች ፊት በቀረበ ጊዜ ምላሱ አዳልጦት ዋንጫውን ለዋሺንግቶን ማምጣት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሰባት ዓመት የለመደ አፍ በአንድ ቀን አይታረምም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ያለሱ የኋላው ነገር አይገባም። በዛሬው ዘመን ተጫዋች በትልቁ ሊግ ስድስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ውሉ ሲያልቅ ወደ ፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ውሉ ቢያልቅም ቡድኑ አልለቅም እስካለ ድረስ ተጫዋቹ ወይ እዚያው ይጫወታል ወይ ጨዋታውን ይተዋል። ቡድኑ ግን ሲፈልግ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ተጫዋቹን የሚጠይቀው የለም። በ1969 የሴንት ሉዊስ ቡድን ለ12 ዓመት ያገለገለውን ኩርት ፍለድን ወደዚያችው ወደ ፊላዴልፊያ አሳልፎ ሰጠው። ፍለድ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ከዘመኑም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ነበር። አልሄድም አለ። ለሊጉ አስተዳዳሪ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ያን ያህል ዓመት ካገለገለ በኋላ ያለ ፈቃዱ የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ አለመሆኑን ገለጸ። ነገሩን ፍርድ ቤት አቀረበ፤ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተፈረደበት።

በክሱ ምክንያት ሥራውን አጣ ማለት ይቻላል። በ1971 ተመልሶ ለመጫወት ሞክሮ ነበር፤ የሞከረውም በዋሺንግቶን፣ በዚያ ወደ ቴክሳስ ለመሄድ በተዘጋጀው የድሮ ቡድን ነበር። 13 ጨዋታ ተጫውቶ ተወው። እሱ የለኮሰው ነገር ግን አልጠፋም፤ በ1975 መጨረሻ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ባቀረቡት ጉዳይ ገላጋይ ዳኛው ለተጫዋቾቹ ፈረደና የድሮው ሰንሰለት ተበጠሰ። ዛሬ አንድ የ26 ዓመት ልጅ 300 ሚሊዮን አልበቃኝም ብሎ ፊላዴልፊያን ሲመርጥ፣ የሚራመደው ያ ሰው ወደ ፊላዴልፊያ አልሄድም ብሎ በከፈተው መንገድ ላይ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳወራ ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ከመጨረሻው ወንበር አንዱ «ታዲያ እሱ ምን አገኘ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላገኘም አልሁት። ልጁ መልሱ አላረካውም፤ እኔንም እንዲሁ።

ወደ ዋሺንግቶን እንመለስ። ሚያዝያ 2 ቀን 2019 ሃርፐር በፊላዴልፊያ ማሊያ ወደ ቀድሞ ሜዳው መጣ። ሕዝቡ ገና ስሙ ሲጠራ በጩኸት አዋረደው። በ34 ቁጥር ማሊያው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ስሙን የሰረዘ ነበር፤ በስሙ ፈንታ «ከሃዲ» ብሎ የጻፈም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ሕዝቡ በደስታ ፈነጠዘ። በኋላ ግን ትልቅ ሆም ረን መታና ፊላዴልፊያ 8 ለ2 አሸነፈ።

በዚያች ሌሊት ጋሼ ከስታዲዮሙ በር ላይ ሰው ሲጭን አመሸ። የጫናቸው ሰዎች እስከ ቤታቸው ድረስ «ከሃዲ» ሲሉ ነበር። በሚቀጥለው ስልክ ይህን ሲነግረኝ እኔ የሕዝቡን ወገን ያዝሁ። «ጋሼ፤ እነሱ እኮ ከ19 ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት ናቸው፤ ቢያዝኑ ምን ይደንቃል?» አልሁት።

«ማዘን ሌላ፤ ከሃዲ ማለት ሌላ» አለኝ። «የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት የሄደ ሁሉ ከሃዲ ከተባለ፣ እናታችን እኔን ምን ብላ ትጥራኝ?»

ውድ አንባቢዎች፤ ለዚህ ምን እመልስ ነበር? በዚያን ጊዜ እግሬ ላይ የነበረው ጫማ፣ በእጄ የያዝሁት መጽሐፍ፣ የምነጋገርበት ስልክ እንኳ ከዚያ ታክሲ የወጣ ነበር። ዝም አልሁ። እሱም ወሬውን ወደ እናታችን ጉልበት ሕመም መለሰው።

ነገሩን ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ከጋሼም ጋር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም። ቤቱ የሚያበላው አጥቶ የሄደ ሰውና 300 ሚሊዮን ቀርቦለት የሄደ ሰው አንድ አይደሉም እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «መብት በኪስ አይለካም» ይለኛል፤ ይህንንም የሚለው ሃርፐርን ወዶት አይደለም፤ እንዲያውም «ጠጉሩን ሲያበጥር የሚውል» እያለ ያማው ነበር። መብቱን እቀበላለሁ። ሰው ውሉን ፈጽሞ፣ የሚገባውን ሠርቶ፣ ደጅ ከፍቶ ሲወጣ ወራዳ ስም ሊሰጠው አይገባም። የማልቀበለው የቀሩት ሰዎች ኀዘን እንደ ሞኝነት ሲቆጠር ነው። ከኛው ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ መምህር ባለፈው ዓመት የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ አንድ ድርጅት ሄደ። እሱ ሲሄድ በመምህራን ክፍል ሁለት ዓይነት ወሬ ተወራ፤ «ጎበዝ፤ አመለጠ» ያለ አለ፤ «ልጆቹን በመንፈቁ ጥሎ» ያለም አለ። የመንፈቁን ትምህርት የተካፈልነው እኛ ነን። ሲሰናበተን አቅፌ መረቅሁት፤ በማግሥቱ የሱን ክፍል ደርቤ ስገባ ደግሞ ተናደድሁበት። ሁለቱም ስሜት ከልቤ ነበር። የዋሺንግቶን ሰዎች ማሊያቸው ላይ ፕላስተር ሲለጥፉ ማሊያውን አለመጣላቸውን ልብ በሉልኝ።

የዚያ ዓመት ጨዋታ እንዴት እንደ ተፈጸመ የሰማ ሰው ልብ ወለድ ይመስለዋል። እስከ ግንቦት 23 ድረስ ናሽናልስ 19 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። በታክሲው ውስጥ ክርክሩ አበቃ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሠልጣኙ ይባረር» አለ። አልተባረረም። ከዚያ ወዲያ ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረና ዓመቱን በ93 አሸናፊነትና በ69 ተሸናፊነት ጨረሰ፤ ሚልዋኪን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሴንት ሉዊስን አልፎ በወርልድ ሲሪስ ከሂውስተን ጋር ገጠመ። ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው በሰው ሜዳ የተጫወተው ቡድን ነበር፤ ቤቱ ያሸነፈ አልነበረም። ጥቅምት 30 ቀን ሌሊት በሰባተኛው ጨዋታ ዋሺንግቶን 6 ለ2 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፤ ከተማይቱ ከ1924 ወዲህ ያየችው የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ጨዋታ መካከል ገብቶ ሦስት ዙር ያለ ነጥብ የወረወረና አሸናፊ ተብሎ የተመዘገበው ማን ይመስላችኋል? ፓትሪክ ኮርቢን ነው፤ ያ «በሃርፐር ገንዘብ» ተቀጠረ ሲባል የከረመው።

«ይሂድ» ባዮች ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አፋቸውን የሚይዛቸው ጠፋ። «አላልንም ነበር?» ሆነ ነገሩ ሁሉ። እኔን ግን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

በዚያው በ2019 ታኅሣሥ ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ውላቸው አልቆ ነበር። አንዱ በወርልድ ሲሪሱ ከሁሉ የበለጠ ተብሎ የተሸለመው ወርዋሪ ስቲቨን ስትራስበርግ ነው፤ ሌላው መቺው አንቶኒ ሬንዶን ነው። ደጋፊው ከአምናው የተማረ መስሎት እንደገና ተከፈለ። ቡድኑ ስትራስበርግን ለ7 ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር አስቀረው፤ ሬንዶን በዚያው መጠን፣ ለ7 ዓመት በ245 ሚሊዮን፣ ወደ ሎስ አንጀለሱ ኤንጅልስ ሄደ። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት በጠቅላላው 8 ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጡረታ ወጣ። ሬንዶንም በሄደበት አልቀናውም፤ ከ2021 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በአንዱም ዓመት 60 ጨዋታ አልሞላለትም። ያ የዋንጫው ጀግና ኮርቢን ደግሞ በ2022 19 ጊዜ ተሸንፎ ከሊጉ ወርዋሪዎች ሁሉ በሽንፈት ብዛት አንደኛ ሆነ። ተሰናብቶ የሄደው ሃርፐር በ2021 ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ታላቅ ተጫዋች ተባለ፤ በ2022 ቡድኑን እስከ ወርልድ ሲሪስ አደረሰ፤ ዋንጫውን ግን አላገኘም።

እንግዲህ ማን ልክ ነበር? «ይሂድ» ያለው ነው እንዳልል ሃርፐር ሄዶ ታላቅነቱን አስመሰከረ። «ይቆይ» ያለው ነው እንዳልል ከተማይቱ ዋንጫ ያገኘችው እሱ በሌለበት ነው። ስትራስበርግን አስቀሩ ያለው ሰው ሞኝ ነበር እንዳልል፣ በዚያን ዕለት ያንን ክንድ ያየ ሁሉ አስቀሩት ይል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የምድጃ ዳር ተከራካሪ የሚመዘነው በሚያዝያ በሚታየው ውጤት ሳይሆን በታኅሣሥ በሚያውቀው ነገር መሆን አለበት። ይህን ለጋሼ ብነግረው «አንተ አስተማሪ ስለ ሆንህ መልሱ ቢሳሳትም ለአሠራሩ ማርክ ትሰጣለህ፤ እዚህ አገር ለአሠራር የሚከፍል የለም» ብሎ ሳቀብኝ።

በጣም የተቃጠለው ክርክር ግን የሃርፐር አልነበረም፤ የሁዋን ሶቶ ነበር። ሶቶ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ነው፤ እሱም እንደ ሃርፐር በ19 ዓመቱ በ2018 ለዋሺንግቶን መጫወት ጀመረ፤ የ2019ን ዋንጫ ካመጡት አንዱ ነው። ከዋንጫው በኋላ ቡድኑ እየወረደ ሄደ፤ በ2022 55 አሸንፎ 107 ተሸነፈ፤ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ሆነ። በዚያ ዓመት ለሶቶ የ15 ዓመት ውል በ440 ሚሊዮን ዶላር ቢቀርብለት አልተቀበለም። ሥራ አስኪያጁም የውሉ ጊዜ አልቆ ባዶ እጁን ከሚቀር ብሎ፣ ነሐሴ 2 ቀን ሶቶን ከአንድ ጓደኛው ጋር ለሳንዲያጎ ሰጥቶ በምትኩ ስድስት ሰዎች ተቀበለ፤ አብዛኞቹ ስማቸው ገና ያልተሰማ ወጣቶች ነበሩ። ጋሼ በዚያን ሰሞን በጨዋታ ያልተለመደ ነገር አየ፤ ከመኪናው ውስጥ የሚያለቅስ ሽማግሌ። «ከእንግዲህ ልጅ አልወድም» ይሉ ነበር አለኝ ሽማግሌው፤ «አሳድጌ አሳድጌ ለሌላ ልድር?»

ይህ ነው ነገሩ። ደጋፊው ቡድን እወዳለሁ ይላል እንጂ ቡድን የሚባል ነገር በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ሰው ነው። ሰውየው ሲሄድ የሚቀረው ማሊያው ብቻ ነው። ባለቤቱ ለደጋፊው «ታገሥ፤ እነዚህ ስድስቱ ሲያድጉ ታያለህ» ይለዋል። ትዕግሥቱ ግን የሚከፈለው በደጋፊው ዕድሜ ነው። ለ20 ዓመት ወጣት ሦስት ዓመት ምንም አይደለም፤ ለሽማግሌው ግን ሦስት ዓመት ብዙ ነው። ሥራ አስኪያጆች ይህን ሒሳብ ሲሠሩት ሰምቼ አላውቅም።

በሥራ አስኪያጁ ላይ ግን ብቻውን አልፈርድበትም። ከስድስቱ መካከል ሲ ጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመረጡ፤ መርጦ ያመጣቸው ዓይን ያለው ሰው መሆኑ አይካድም። ሶቶ በበኩሉ በ2024 ታኅሣሥ ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ይህን ቁጥር ጋሼ በስልክ ሲነግረኝ በደንብ አልሰማሁም መስሎኝ ሁለት ጊዜ አስደገምሁት። 440ውን አልቀበልም ሲል ስግብግብ ያሉት ሰዎች በዚያን ቀን ምን እንዳሉ ብጠይቀው፣ «ጎበዝ ነጋዴ አሉት» አለኝ።

በ2025 ሐምሌ 6 ቀን ዋንጫውን ያመጡት ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ቡድኑም ዓመቱን 66 አሸንፎ 96 ተሸንፎ ጨረሰ። ስለዚህ የምድጃው ሊግ በጥቅምት እንደ ወትሮው ተከፈተ። አዲስ የመጡት ሹማምንት ወጣቶች ናቸው፤ አዲሱ አሠልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ጋሼ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ይህ በጣም አስከፍቶታል። በታክሲው ውስጥ ደግሞ የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው፤ ከስድስቱ ልጆች ማንን እናስቀር፣ ማንን በሌላ እንለውጥ?

እኔ ኤብራምስንም ዉድንም ያዙ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ ቁጥር አይደለም፤ ሰው በየሦስት ዓመቱ ልቡን ነቅሎ እንዲተክል ሊጠየቅ አይገባም ከማለት ነው። ጋሼ ይህን «የአስተማሪ ቤዝቦል» ይለዋል። የሱ አሳብ አንዱን ሰጥቶ ሁለት ወርዋሪ ማምጣት ነው፤ ወርዋሪ የሌለው ቡድን ጣራ የሌለው ቤት ነው ይላል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ተከራከርን። እኔ ስለ ዉድ ዱላ፣ እሱ ስለ ወርዋሪ። በመካከሉ የናሽናልስን ነገር ትቶ ድንገት፣ የዚያ የሒሳብ መምህር ቦታ ሰው ተገኘለት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተገኘም፤ አሁንም ደርቤ እገባለሁ አልሁት።

«አንተስ?» አለኝ። «ውልህ የሚያልቀው መቼ ነው?»

የመንግሥት መምህር ውል እንደሌለው ያውቃል። ስለ ወርዋሪዎቹ የጀመረውን እንዲጨርስ ነገርሁት።